ዳዋ ለዋጠው መሬት፦ 50 ወይስ 85 የፈረስ ጉልበት?

ለዓመታት ጦሙን ያደረ መሬት ልትመነጥሩ ነው እንበል። ሁለት የማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮችን እናወዳድር፤ 50 የፈረስ ጉልበት ያለውን 240 እና 85 ያለውን 385።

ያለው ረጅም ሣርና አውራ ጣት የሚያክል ቁጥቋጦ ከሆነ 240ው ይበቃል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጠባብ ማሳ ላይም እንደልብ ይዞራል።

ግራር ከገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ያለማመንታት 385ን እመርጣለሁ፤ ከተገኘ በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን። ሥር የተጠላለፈበት አፈር ላይ ትንሹ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ትልቁን ክብደቱ ራሱ ያግዘዋል። ማረሻው ዲስክ፣ ማለትም ክብ ሳህን የሚመስለው ይሁን፤ ሥርና ጉቶ ሲገጥመው እየተንከባለለ ያልፋል። እርጥብ ዋልካ ላይ ግን ያው ክብደት ጠላት ነው፣ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። ስለዚህ ሥራው በበጋ ይሁን።

አደራ! በየትኛውም ትራክተር ጉቶ ስትነቅሉ ሰንሰለቱን ከኋላ ዝቅ ብሎ ካለው መጎተቻ ላይ ብቻ እሰሩ። ከፍ ካለ ቦታ ከታሰረ የፊት ጎማው ይነሳና ትራክተሩ ወደኋላ ሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። ወፍራም ጉቶ ከበዛ ደግሞ ሁለቱንም ተዉና ዶዘር ተከራዩ።