ርካሹ ኔማቶድ ወይስ ውዱ?

«አፈር ውስጥ ያለ እጭ የሚገድለውን ኔማቶድ (ጥቃቅን ትል) የትኛውን ልግዛ?» የምትሉኝ በዛችሁ። እኔ ውዱን ነው የምላችሁ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ ርካሹ አቃጥሎኛል።

ዋጋው የውዱ ግማሽ ነበር። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የትል ብዛት ግን ያው 50 ሚሊዮን። በማጉያ መነጽር ሳያቸው ይርመሰመሳሉ። የሰም እራት (የቀፎ ሰም የሚበላ የእሳት እራት) እጭ ሳህን ላይ አድርጌ ሞከርኳቸው፤ እጮቹ በ2 ቀን ሞቱ፣ ከዚያም ጡብ መስለው ቀሉ። ደስ አለኝ። ማታ ላይ እርጥብ አፈር ላይ ረጨሁ፤ ምንም! ደግሜ ገዛሁ፣ ደግሜ ረጨሁ። ሁለቱን ደምሩት፤ የውዱ ዋጋ መጣ። ጉልበቱና የተበላው ሥር ሳይቆጠር ነው እንግዲህ።

ሚስጥሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሰም እራት እጭ በቀላሉ የሚሸነፍ ነው። ሳህን ላይ ደግሞ ፍለጋ የለ፣ ሙቀት የለ፣ ድርቀት የለ። ኔማቶዱ ላብራቶሪ ውስጥ ለብዙ ትውልድ እንዲህ ሲረባ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ይወልዳል። ማደኑ፣ ሙቀት መቋቋሙ፣ የመራባት አቅሙ ሳይቀር ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከጥቂት ትሎች ከተጀመረ ደግሞ ጥሩው ዘር በዕድል ብቻም ሊጠፋ ይችላል። ገዝታችሁ ቤት ለማራባት ያሰባችሁም ካላችሁ፣ የምታወጡት የኮፒ ኮፒ ነው።

ደህና አምራች የመጀመሪያውን ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አስቀምጦ በየጊዜው ከዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል። ወይም ዘመድን ከዘመድ ደጋግሞ አዳቅሎ ወጥ መስመር (ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ዘር) ያወጣል። መቼም ዝምድና ያዳክማል ሲባል ነው የምንሰማው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሰነፉ ከጎበዙ ተለይቶ የሚበዛበት መንገድ የለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሄተሮራብዲቲስ ባክቴሪዮፎራ በተባለ የኔማቶድ ዝርያ ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወጥ መስመሮቹ ባህርያቸውን ከድብልቁ ወላጅ የተሻለ ጠብቀዋል። ለዚህ ሥራ ነው ተጨማሪውን የምከፍለው።

ሻጩን «ከመነሻ ዘሩ ስንተኛ ትውልድ ነው?» በሉት። «50 ሚሊዮን ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥያቄው አልገባውም፤ ሂዱ። ከገዛችሁም በኋላ ሳህኑን ተዉትና እጩን እርጥብ አሸዋ ሥር ቅበሩት፣ ትሎቹን ከላይ አፍስሱ። ወርደው ካላገኙት ገንዘባችሁ ሄዷል። ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ የተባለውን የኔማቶድ ዝርያ ብቻ በዚህ አትፍረዱበት፤ እሱ ተፈጥሮው አድፍጦ መጠበቅ ነው።