የመጀመሪያው ሳህን የማይሸጥበት ቤት

ጅማ ውስጥ ጥሩ የጾም ምግብ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ መልሴ አንድ ነው። መርካቶ አካባቢ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አለች። ስም የላትም። በሯ ላይ «የጾም ምግብ አለ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። አራት ጠረጴዛ፣ የጅማ በርጩማዎች፣ ጥግ ላይ ረከቦት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከምግቡ ልጀምር። በያይነቱ 150 ብር ነው። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር አለው። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣና ፊታችሁ እንጀራው ላይ ይገለበጣል። ልቤን የወሰደው ግን ሱፍ ፍትፍቱ ነው። ቃሪያና ሽንኩርት ገብቶበት፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትሠራው። እናቴ ባለፈው ጥር ዐረፈች።

ጉድለቱንም ልናገር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ መደማመጥ አይቻልም። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ያፈሳል። አስተናጋጁ አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን 40 ደቂቃ ጠብቄያለሁ። ጎመኑ ጨው የበዛበት ቀንም ነበር። ምግቡን ለሚሠሩት ለእትዬ ስነግራቸው ራሳቸው ቀምሰው፣ ይቅርታ ብለው ቀየሩልኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከቅዳሴ መልስ ነው፤ 9 ሰዓት አልፏል። ርቦኛል፣ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ልጁ አስታጠበኝ። ከዚያ ሙሉ ሳህን ይዞ ብቅ ሲል እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳህኑ ግን እኔን አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። በረንዳው ላይ ጆንያ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሰጣቸው ትራፊ አይደለም። ሱፍ ፍትፍቱ ሳይቀር አለበት።

ቅር ብሎኝ፣ «እትዬ፣ ቀድሜ የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ቤቱ የማን ሆነና ልጄ? መጀመሪያ ባለቤቱ ይቅመስ እንጂ» አሉኝና ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ጸሎት አላቋረጥኩም። ግን አፌ ይናገራል፣ ልቤ የለም። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እያልኩ፣ ሰጪው እንዳለ እንኳ ዘንግቼ ነበር። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም ጌታ መንገዱን አብሯቸው ሲሄድ አላወቁትም። ያወቁት ማዕድ ላይ ነው፤ እንጀራውን ባርኮ ሲቆርስ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን በበሩ አሻግሬ ሽማግሌው አማትበው ሲቆርሱ አየሁ። የእኔም ሳህን ደርሶ ነበርና አብሬ ቆረስኩ። እዚያ ቤት ውስጥ እግዚአብሔር ነበረ። ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም። እንባዬ መጣ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማንም አልሰማኝም።

ሙስሊም ጎረቤቶችም እዚህ ይበላሉ። የጾም ምግብ ነውና የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ የለም። አንድ ቀን ቦታ ጠፍቶ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀረብን። እሱ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ ሽሮውን ተሻማን። ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይፈላል። ስትቸኩሉም ቢሆን አቦል ብቻ ጠጥታችሁ እንዳትነሡ፤ እትዬ በረካ ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው አይወዱም።

እስከ ነሐሴ 15 ድረስ በየቀኑ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ስለነበር ልጁ አልደርስ አለ። እትዬ የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ ሰጡኝና በአገጫቸው ወደ በረንዳው አመለከቱኝ። በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ለሽማግሌው አቀረብኩላቸው።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። አማተቡ። ከዚያ ከሱፍ ፍትፍቱ ጠቅለል አድርገው፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ እኔን አጎረሱኝ።