ለሁለተኛው ኮምፒውተር የቱ ኦፊስ ይሻላል?

«ላፕቶፑን ስገዛው ኦፊስ አብሮት ነበር። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ላይም ልጫነው?»

ይህን ጥያቄ በወር ቢያንስ አስር ጊዜ እሰማለሁ። ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አቅራቢያ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስማ ከህትመቱ ጥያቄው ይበዛል። ተማሪው ፍላሹን ይሰካና ወረቀቱ እስኪወጣለት ድረስ ይጠይቀኛል። መመለሱ ደከመኝ። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ «ይኸው፣ አንብበው» ልበል።

መልሱ አይሆንም ነው። ከላፕቶፕ ጋር አብሮ የመጣ ኦፊስ (ወርድና ኤክሴል ያሉበት የማይክሮሶፍት ጥቅል) ፈቃዱ የተሰጠው ለማሽኑ ነው። ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ውሉ ግን ከብረቱ ጋር ነው። ላፕቶፑ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፣ ላፕቶፑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ መጫን ቀርቶ፣ ከመጀመሪያው ላይ አጥፍቶ ወደ ሁለተኛው ማዛወርም አይቻልም።

«ድሮ እኮ አንድ ቁልፍ ለሦስት ማሽን ይሆን ነበር» የሚሉኝ አሉ። አልተሳሳቱም። ኦፊስ 2010 ሆም ኤንድ ስቱደንት በሳጥን ሲሸጥ በአንድ ቤት ውስጥ እስከ ሦስት ኮምፒውተር ይጫን ነበር። ያኔም ቢሆን ለአዲስ ላፕቶፕ በካርድ የሚሸጠው ቁልፍ (ኦፊሱን የሚከፍተው ኮድ) ለአንድ ማሽን ብቻ ነበር። ወሬው ከሳጥኑ ወደ ካርዱ ተዛመተና እስከ ዛሬ አለ። ኦፊስ 2010 ራሱ ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ለብቻው ተገዝቶ የሚጫነው የአንድ ጊዜ ክፍያ ኦፊስ ሌላ ነው። እሱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይዛወራል። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2013ን ሲያወጣ ይህንንም ከልክሎ ነበር። ሰው ሲጮህበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፈቀደ፣ በ90 ቀን አንድ ጊዜ። ልብ በሉ፣ መዛወር ነው የተፈቀደው። ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ መኖር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእናንተ ኦፊስ እውነተኛ መሆኑን እዩ። ወርድን ክፈቱ፣ ፋይል፣ ከዚያ አካውንት። «ሆም ኤንድ ስቱደንት» ወይም «ሆም» ካለ ከፋብሪካው የመጣ ሊሆን ይችላል። «ፕሮፌሽናል ፕላስ» ካለ ግን ሱቁ የጫነላችሁ ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ቅጂ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ብዙ አትሳሳቱም። ፕሮፌሽናል ፕላስ ለድርጅቶች በጅምላ ፈቃድ የሚሸጥ ነው። ከአንድ የተማሪ ላፕቶፕ ጋር ተመርቆ የሚመጣበት ምክንያት የለም። እኔ ጋ ከሚመጡት፣ «ኦሪጅናል ኦፊስ አለው» ተብለው ከገዙት ውስጥ ስንቱ አካውንቱን ከፍቶ ፊቱ እንደተለወጠ እኔ ነኝ የማውቀው።

እውነተኛው ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዊንዶውሱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ በራሳችሁ የማይክሮሶፍት አካውንት አስመዝግቡት፣ አለዚያ ዕድሉ ያልፋል። ሁለተኛ፣ «በራሳችሁ» ስል በራሳችሁ ማለቴ ነው። ባለሙያው «እኔ ልክፈትልህ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል። ከዓመት በኋላ ላፕቶፑ ፎርማት ሲደረግ ኦፊሱን መልሶ የሚያወርደው ኢሜይል የእሱ ነው። ስልኩ ደግሞ አይነሳም።

አንድ መምህር ደንበኛዬ የደረሰባቸው ደግሞ ይብሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የላፕቶፓቸው ማዘርቦርድ ተቃጠለ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ተሠራና መጣ። ማሽኑ በደንብ ይሠራል። ኦፊሱ ግን ማዘርቦርዱ ስለተቀየረ «ይህን ኮምፒውተር አላውቀውም» ዓይነት መልስ ይሰጣል። ለጥገናው ከፈሉ፣ ለትራንስፖርቱ ከፈሉ፣ ኦፊሱን አጡ።

እሺ፣ ለሁለተኛው ኮምፒውተር ምን አማራጭ አለ? ወደ ብሩ እንግባ። ዶላሩን ለስሌት እንዲመቸን 150 ብር ብለን እንያዘው።

የአንድ ጊዜ ክፍያው ኦፊስ ሆም 2024 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 149.99 ዶላር ነበር። 22,500 ብር። ለአንድ ኮምፒውተር። ብዙ ሰው ለሁለተኛነት የሚይዘው ያገለገለ ዴስክቶፕ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ አስቡና ፍረዱ።

በየዓመቱ የሚከፈልበት ኦፊስ፣ ማይክሮሶፍት 365 ፐርሰናል፣ በዓመት 99.99 ዶላር ነው፣ 15,000 ብር። ለአንድ ሰው ሆኖ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት መሣሪያ ላይ ይሠራል። የሁለተኛ ኮምፒውተር ጥያቄን በሕጋዊ መንገድ የሚፈታው ይኸው ነው። ግን ዋጋውን ተመልከቱልኝ። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ድረስ 69.99 ዶላር ነበር። ዶላሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 4,000 ብር የሚሆነው ዕቃ ዛሬ 15,000 ሆኗል። ያውም በየዓመቱ! መክፈል ባቆማችሁ ዕለት ፋይሉን ታነባላችሁ እንጂ ማስተካከል አትችሉም።

ፋሚሊ የሚባለው 129.99 ዶላር ሆኖ ለስድስት ሰው ነው። 19,500 ብር ለስድስት ሲካፈል 3,250 ብር፣ በወር 270 ብር ገደማ። ወንድምና እህት ተሰባስባችሁ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ከከፈለላችሁ፣ ከሚከፈልባቸው ውስጥ የምመክረው ይህን ብቻ ነው። የካርዱ ነገር በዘመድ ባይቀል ኖሮ ይህንንም አላነሳው።

አሁን ርካሽ ወደሚባሉት። እዚህ ላይ ሆዴ ስለተቃጠለ ትንሽ ልቆይ።

ክራክ እዚህ ከተማ 300 ብር ይጫናል። እኔም አስጭኜ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ኦፊስን አክቲቬት የሚያደርጉት (ፈቃዱን የሚያረጋግጡት) ኬኤምኤስ በሚባል የራሳቸው ሰርቨር ነው። አክቲቬሽኑ 180 ቀን ይቆይና ይታደሳል። ክራኩ በኮምፒውተራችሁ ላይ የውሸት ሰርቨር ያቆማል። አንድ ቀን ያ ነገር ሲበላሽ «አክቲቬሽኑ አልተሳካም» የሚለው ቀይ መስመር ብቅ ይላል፣ ከዚያ «ስድስት ወር አገልግሎኝ ጠፋ» ተብሎ ወደ ጫኚው ይኬዳል። ጫኚው ደግሞ መጀመሪያ የሚላችሁ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ነው። ሌባ ሊገባ ሲል «ውሻህን እሰርልኝ» እንደማለት ነው።

ስሌቴ ይኸውላችሁ። በአንድ ማሽን በዓመት ሁለቴ 300፣ 600 ብር። ቫይረስ ገብቶ አንዴ ፎርማት፣ 500። 1,100 ብር፣ ያውም «ነፃ» ለሚባል ዕቃ። የደንበኞቼ ፍላሽ ውስጥ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የተመለሰ ጊዜ ያጣሁትን ሰው አልቆጠርኩትም። ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል።

ከክራክ የከፋው ግን «የዕድሜ ልክ አካውንት» ነው። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አይቼ 1,500 ብር ከፈልኩ። ቁልፍ አይሰጧችሁም። ኢሜይልና ፓስወርድ ይሰጧችኋል፣ «አምስት ኮምፒውተር ላይ ግባበት» ይላሉ። በእውነትም ይሠራል። አንዱን ለሱቁ፣ አንዱን ለእህቴ ላፕቶፕ አደረግኩ። አራት ወር ሞላው። አንድ ሰኞ ጠዋት ፓስወርዱ አልቀበልም አለ። ሻጩ የለም።

ያላወቅኩት ነገር፣ እንዲህ ዓይነቱ አካውንት የአንድ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት የጋራ ፈቃድ ቁራጭ ነው። አስተዳዳሪው ሌላ ሰው ነው። ሲፈልግ ያያችኋል፣ ሲፈልግ ይዘጋችኋል። ፋይል በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ዋንድራይቩም የእሱ ነው። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ሁለት ምዕራፍ እዚያ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። «ወንድሜ፣ ምዕራፍ ሦስትስ?» ስትለኝ የሰጠኋት መልስ አልነበረም። ታትሞ ከቀረው ወረቀት ላይ መልሼ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፣ አርባ ገጽ፣ ያለ ክፍያ።

ከዚያ በኋላ ነው ሊብሬኦፊስን፣ የኦፊስን ሥራ የሚሠራውን ነፃ ፕሮግራም፣ በቁም ነገር ያየሁት። ወገንተኝነቴን አልደብቅም። ለሁለተኛ ኮምፒውተር እሱን ነው የምለው።

ዋጋው ዜሮ ብር ነው። ፈቃዱ በስንት ኮምፒውተር ጫንክ ብሎ አይጠይቅም፣ ሁለትም ሆነ ሃያ። ለጓደኛ በፍላሽ መስጠትም ይፈቀዳል። የመጫኛው ፋይል 350 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። ዝናቡ ሲበረታ ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ለዚህ ነው በብራውዘር የሚሠራውን ነፃ ወርድ የማልመክረው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ኮኔክሽን ሲቋረጥ አብሮ ስለሚቆም ነው። ደብሊውፒኤስ የሚባል ሌላ ፕሮግራምም አለ፣ መልኩ ወርድን ይመስላል፣ ነፃው ግን ማስታወቂያ ይበዛበታል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ አዲሱ የሊብሬኦፊስ ስሪት አይጫንላችሁም፣ የቆየውን ፈልጉ።

አሁን ጣጣው። ጣጣ አለው። ዋናው ፎንት ነው። አዲሱ ወርድ ከካሊብሪ ወጥቶ አፕቶስ የሚባል ፎንት መጠቀም ጀምሯል። ይህ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አይመጣም። ስለዚህ በአፕቶስ የተጻፈ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል። መስመሩ ይሸሻል፣ 62 ገጽ የነበረው 65 ይሆናል፣ ማውጫው ከገጹ ጋር አይገጥምም። ሰው «ሊብሬኦፊስ አበላሸብኝ» ይላል። መፍትሔው ከመጀመሪያው በታይምስ ኒው ሮማን መጻፍ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን አፕቶስ አምጡ አይልም።

አማርኛ በኒያላ ወይም በኢብሪማ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ችግር አላየሁም። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ግን ፎንቱ በሌለበት የትም ቢከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው፣ ወርድም ላይ ጭምር። አፋን ኦሮሞ የምትጽፉ ደግሞ ሁለቱም ጋ ገጹ በቀይ መስመር ይሞላል። የፊደል ማረሚያውን አጥፉትና ዓይናችሁ ይረፍ።

ሌላው፣ ሴቭ ሲደረግ ሊብሬኦፊስ የራሱን ዓይነት ፋይል ነው የሚያወጣው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ወርድ ቀይሩት። ይህን ያላደረገ ሰው ፋይሉን ለአማካሪው ይልክና «አልከፈት አለኝ» ሊባል ይችላል።

ሊብሬኦፊስ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ሆናችሁ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) የበዛበት ኤክሴል ካላችሁ አትድከሙ። ኤንድኖት በሚባለው ፕሮግራም ማጣቀሻ የምትሠሩም ወርድ ላይ ቆዩ። ሌላው የማጣቀሻ ፕሮግራም ዞቴሮ ከሆነ ግን ሊብሬኦፊስ ላይም ይሠራል። እህቴ ወደ እሱ ቀይራ ነው የጨረሰችው።

የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ላፕቶፔ ላይ አብሮ የመጣው ኦፊስ ሆም ኤንድ ስቱደንት 2021 ነው። ውሉን ሳነብ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም ይላል። ያንን ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ሱቅ አምጥቼ በገጽ አስከፍዬበታለሁ! አሁን ቤት ነው የሚውለው። እህቴ በዴስክቶፑ ሊብሬኦፊስ ጽፋ፣ ከማስገባቷ በፊት አንዴ በላፕቶፑ ወርድ ከፍታ ገጹን ታያለች። ሁለተኛ ኮምፒውተር ላለው ተማሪም የምለው ይህንኑ ነው። ሱቁ ያሉት ሦስት ማሽኖች ላይ ሊብሬኦፊስ ብቻ ነው ያለው። ደንበኛ ፋይሉ እንዳይዛባ ከፈለገ ፒዲኤፍ አድርጎ ያምጣ።

መጫኛውን የምትፈልጉ 500 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ቫይረሱን አስቀድሜ ስካን አደርጋለሁ፣ ቅጂው በነፃ ነው። ህትመት ግን እንደተለመደው በገጽ ነው።