ለአንደኛ ደረጃ ክፍል ፕሮጀክተር ወይስ ስፒከር? ብሩ ሳይወጣ በፊት

መስከረም በጠባ ቁጥር ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ በአንድ ጥያቄ ነው። «የወላጅ መምህር ኅብረቱ ትንሽ ብር ፈቅዶልናል። ለታችኞቹ ክፍሎች ፕሮጀክተር እንግዛ እንዴ?» አንዱ መሐል ሜዳ ያስተምራል፣ አንዷ አንኮበር፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ፕሮጀክተሩን ተዉት። በሚሞሪ ካርድ የሚሠራ፣ ባትሪ ያለው ስፒከር ግዙ። ለምን እንደምል በብሩ ልጀምር።

በዚህ ዓመት ደብረ ብርሃን ሱቆች ስጠይቅ ትንሿ ፕሮጀክተር ከ9,000 እስከ 14,000 ብር ተባልኩ። ወጪው እዚያ አያበቃም። ዲቫይደር አለ፣ ረጅም ገመድ አለ፣ ለመስኮቱ መጋረጃ አለ። የመጋረጃውን ጨርቅ ማንም አስቀድሞ አያስበውም፤ አራት ሰፋፊ መስኮት ላለው ክፍል ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ደህና ስፒከር 2,800 ብር አካባቢ ይገኛል። ሚሞሪ ካርዱ 400 ብር። በቃ፣ 3,200 ብር ነው። ለአንድ ፕሮጀክተር በሚወጣው 12,000 ብር ሦስት ክፍል ስፒከር ይደርሰዋል፤ ከዚያም 2,400 ብር ይተርፋል። ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚዘል ታውቃላችሁ። ዛሬ የተረፈችው ብር ለከርሞ ባትሪ ታስፈልጋለች።

መርካቶ ይረክሳል የሚሉ አሉ። በአንድ ስፒከር 300 ብር ገደማ ይቀንስ ይሆናል። ግን አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የአንድ ቀን ትምህርት። ዕቃው ተበላሽቶ ለመመለስ ደግሞ ሌላ ጉዞ። ለብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ አሥር ስፒከር የሚገዛ የጉድኝት ማዕከል ካልሆነ በቀር አያዋጣም።

አሁን ፕሮጀክተሩን ለምን እንደምቃወም በግልጽ ልናገር። አንድ የማውቀው ትምህርት ቤት ካርቶኑ ላይ 9,000 ሉመን የሚል ዕቃ ገዛ፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ይህ ቁጥር እንዲሁ የሚጻፍ ነው። የሚታመነው አንሲ ሉመን የሚባለው ልኬት ነው፤ በዚህ ዋጋ በሚሸጡት ካርቶን ላይ ግን ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ተለቀቀ። ፊት ወንበር ያሉት ልጆች አዩ። ከመሐል ወደ ኋላ ያሉት ግን «ለ»ን ከ«ሉ» መለየት አቃታቸው። ሁለቱን የምትለያቸው ያቺ ትንሽ ቅጥያ በመስኮቱ ብርሃን ጠፍታለች። ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ትምህርቱ ያቺ ቅጥያ ናት! መምህሩ ጽሑፉን ለማጉላት ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ሳበው፤ ባሰበት። ምስሉ በጎንም በቁመትም እጥፍ ሲሆን ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል።

ስለ ምስል ጥራት «1080 ፒ ይቀበላል» የሚለውም ያው ነው። ይቀበላል ማለት በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። የውስጥ ስክሪኑ ብዙ ጊዜ 800 በ480 ነጥብ (ፒክስል) ወይም ከዚያ በታች ነው።

ጥገናው ይብሳል። እነዚህ ርካሽ ዕቃዎች በደንብ አይታሸጉም። በበጋው አቧራ በማራገቢያው በኩል ገብቶ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ማራገቢያው ሲደክም ሙቀቱ ስክሪኑን ያቃጥለውና መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ጠጋኝ ጋ ይዛችሁ ብትሄዱ ከፍቶ ያየዋል፣ መለዋወጫ የለውም ይላችኋል፣ መልሶ ይዘጋዋል። 12,000 ብር መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋም ያው ነው፤ ይህን ዕቃ ፓወር ባንክ አያስነሳውም።

ስፒከር ግን እንደ ስልክ በ5 ቮልት ቻርጅ ይደረጋል። መምህሩ ማታ ቤቱ ሰክቶት ያድራል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ለስልክ ቻርጅ የምትሆነዋ ትንሽ ሶላር ትበቃዋለች። ከሚበላሹት መካከል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው፤ የቻርጅ ቀዳዳው ይላላል ወይም ባትሪው ይደክማል። ቀዳዳውን ስልክ ጠጋኙ በ250 ብር ይበይደዋል። ባትሪው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ 250 ብር ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 9,900 የሚል ባትሪ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የዚህ መጠን ደህና ባትሪ የሚይዘው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። በእጃችሁ መዝኑት፤ ደህናው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ኮፒው ይቀላል። ጄቢኤል የሚል የተለጠፈባቸው ርካሽ ስፒከሮችም በብዛት ኮፒ ናቸው። ለስሙ ብላችሁ 1,000 ብር አትጨምሩ።

ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሰው ብዙ ይከስራል። 128 ጊጋ የሚል ካርድ በርካሽ ይሸጣል፤ ውስጡ 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ስልኩ 128 ብሎ ያነብበዋል፤ ከትክክለኛ አቅሙ በላይ የጫናችሁት ፋይል ግን የለም። ደግሞስ ይህን ያህል ምን ያደርጋል? በመካከለኛ ጥራት የተቀዳ ኤምፒ ስሪ (ስፒከሩ የሚያነበው የድምፅ ፋይል ዓይነት) 17 ሰዓት የሚሆነው በ1 ጊጋ ውስጥ ይገባል። 8 ወይም 16 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ብዙዎቹ ስፒከሮች ከ32 ጊጋ በላይ አያነቡም።

በስልክ የቀዳችሁት ድምፅም ሆነ በቴሌግራም የተላከላችሁ ብዙ ጊዜ ኤምፒ ስሪ ስላልሆነ ስፒከሩ ዝም ይላል። ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት፤ ፋይሉን በስልክ መተግበሪያ ወደ ኤምፒ ስሪ ቀይሩት። ብዙዎቹ የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን በተጫነበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ትምህርቶቹን አንድ በአንድ በተራቸው ገልብጡ።

ምን ይጫንበት ለሚሉኝ፦ ለእንግሊዝኛ ጥርት ያለ ንባብ፣ ለአማርኛ ቃል ጽሕፈት፣ የአካባቢው እናት በራሳቸው አንደበት የተረኩት ተረት። ከሁሉ የምወደው ግን ልጁ ሲያነብ በስልክ ቀድቶ መልሶ ማሰማት ነው። ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ የዘለለችውን ቃል ከራሷ ድምፅ ሰምታ «ቲቸር፣ እንደገና ላንብብ» ስትል ማየት ነው። ይህን 14,000 ብር አይገዛውም።

ስፒከር ሥዕል አያሳይም፤ እውነት ነው። ለሳይንስ በጠመኔ መሣል ወይም ቻርት መስቀል ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ትንሿ 3 ዋቱ ምንም አትሰማም። ስለዚህ ከ10 ዋት አትውረዱ፤ ስፒከሩንም ከሰሌዳው ሥር ሳይሆን ከክፍሉ መሐል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ቴሌቪዥንስ? መብራት የማይቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ካላችሁና ከ20,000 ብር በላይ ካላችሁ 32 ኢንቹ ከፕሮጀክተር ይሻላል። ቀን በብርሃን ይታያል፣ ጠጋኝም አለው። ማታ የሚቆለፍበት ክፍል ግን ይኑራችሁ። ታብሌት ለስልሳ ልጅ አንድ ከሆነ አይረባም።

የመጨረሻው ነገር ግዢው ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል። «ስፒከር፣ ብዛት 3» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮፒው ያሸንፋል። ወረቀቱ ላይ ዘርዝሩት፦ 10 ዋት፣ ሚሞሪ ካርድ የሚያነብ፣ ባትሪው 18650 ሆኖ የሚቀየር፣ የቻርጅ ቀዳዳው ታይፕ ሲ፣ ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ጨምሮ። ዕቃውን ስትረከቡ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ከቻርጅ ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። ያንን ካላለፈ ደረሰኝ አታስቆርጡ።