ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን ሲስተር ሳታገኙ እንዳትቀሩ

ከዚህ በላይ ዝም ካልኩ ግፍ ይሆንብኛል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ ልጄ ዘንድሮ 14 ሞላት።

የቀድሞ ትምህርት ቤቷ «ስለ ሰውነት ለውጥና ስለ ፆታ ግንኙነት ትምህርት ስለሚሰጥ ፈርሙ» የሚል ወረቀት ላከ። ምን እንደሚያስተምሩ ልጠይቅ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ደጅ ሲያስጠኑኝ ውለው «ካልፈለግሽ አትፈርሚ» ብለው ሸኙኝ። በዚያው ዓመት ልጄ ክፍል ውስጥ የወር አበባዋ መጣ። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስረው፣ እንዳጠፋ ሰው ብቻዋን ወደ ቤት ሰደዷት። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲሱ ትምህርት ቤት ግን ስለዚህ ጉዳይ ከልጆቻችን ጋር እንዴት እንደምናወራ እንድታሳየን ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጋብዞ፣ እኛን ወላጆችን ቅዳሜ ከሰዓት ሰበሰበን። መጀመሪያ ብጫቂ ወረቀት አደለችን። «የምትፈሩትን ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም።» እኔ «ልጄ ስለ ወንድ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» ብዬ ጽፌ አራት ቦታ አጠፍኩት። የኔን ስታነብ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ለዚህ ብቻ እንኳ እግዜር ይስጣት!

ከዛ እሷ ልጅ ሆነች፣ እኛ መላሽ። «እማዬ፣ ልጅ እንዴት ነው የሚመጣው?» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። «መልሱ ካልመጣልሽ ‹ማታ እናወራለን› በያት። ማታ ግን እሷን አትጠብቂ፣ አንቺ ጀምሪ» አለችኝ። ሞዴስ አውጥታ አባቶችም እጅ ላይ አስቀመጠች። አንድ ጋሼ ሊወጡ ተነሱ። «ጋሼ፣ እናቷ በሌለችበት ቀን ቢመጣባትስ ማን ይገዛላታል?» ስትላቸው ተመልሰው ቁጭ አሉ።

የማህጸን በር ካንሰር ክትባትም ተነሳ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለሴት ልጆች እየተሰጠ፣ እኛ ሰፈር «መካን ያደርጋል» ይባላል። እኔም ፈርቼ ነበር። አልተቆጣችንም። ካንሰሩን ስለሚያመጣው ቫይረስ ካስረዳችን ብዙው አልገባኝም፤ መካን እንደማያደርግ ግን በደንብ ገባኝ። ልጄ ተከትባለች።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና ምንም አልነገረችኝም። የወር አበባዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን የምሞት መስሎኝ ሽንት ቤት ዘግቼ አልቅሻለሁ። አልፈርድባትም፣ ለሷስ ማን ነገራት? ባለፈው እሁድ ቡና ስቆላ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለ አንድ የክፍሏ ልጅ አወራችኝ። ቡናው እስኪያር ሰማኋት።

በናታችሁ ሂዱ። የፊታችን ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም። አድራሻውን ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። አባቶችም ኑ። ሊወጡ የነበሩት ጋሼ ባለፈው ከሁላችንም ቀድመው ነው የደረሱት።