ልክክ ብሎ የሚዘጋው የዮዮ ሳጥኔ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

መጀመሪያ ድምፁን ልንገራችሁ። ክዳኑን ስትለቁት ዱብ አይልም። ቀስ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ «ፍፍ» ብሎ ልክክ ይላል። ይህችን «ፍፍ» ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጅቻለሁ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሳጥኑን ሲከፍትና ሲዘጋ ይቆያል። ፈልጎ አይደለም፣ እኔ ስለማቀብለው ነው።

ጉድ የሠራችኝም ያቺው «ፍፍ» ናት።

ያሉኝ ዮዮዎች አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አንዱ ኩሽኔታ አላቸው። ዮዮ ሲባል ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጠው ፕላስቲክ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ የዘንድሮው ሌላ ነገር ነው። ከአሉሚኒየም በቶርኖ ይወጣል፣ ክብደቱ 65 ግራም አካባቢ ነው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ አለችው። ታች ከደረሰ በኋላ ከሁለት ደቂቃ በላይ እዚያው ይሽከረከራል። በገመዱ አጥፋችሁ ካልጠራችሁት አይመለስም። የኔዎቹ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ አንድ በአንድ የተለቀሙ ናቸው። ዓመታት ካልሲ ውስጥ ሲጋጩ ኖረው ጠርዛቸው ተፋፋቀ። «ኦርጅናል» የሚባለውን መያዣ ደግሞ እንኳን ጅማ፣ አዲስ አበባም አላገኘሁት። ስለዚህ ራሴ ሠራሁ።

የሠራሁት ጥር ላይ ነው። ጥር ለጅማ ሰው አታላይ ወር ነው። ጣውላው ደረቅ፣ ኮላው ቶሎ የሚይዝ፣ ሰማዩ ንጹሕ። ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩን ያስረሳል። ጣውላው ዋንዛ ነው፣ ስለሱ ቅሬታ የለኝም። ውስጡን በአምስት ሴንቲ ስፖንጅ ሞላሁት። ለዮዮዎቹ ማስቀመጫ የትንሿን የቲማቲም ድልህ ጣሳ አፏን በሞረድ ስዬ፣ ስፖንጁ ላይ እያዞርኩ ቀዳዳ አወጣሁ። ጣሳዋ ከዮዮው በትንሹ ትጠባለች። ስለዚህ ስፖንጁ ዮዮውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሳጥኑን ብትገለብጡት አንድም አይወድቅም። ገልብጬ አሳይቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

ቀጥሎ ያችን ጎማ ገዛሁ። የአሮጌ ፍሪጅ በር ጎማ ናት። ሂርማታ ገበያ ከቆርቆሮና ከአሮጌ ማንጠልጠያ መሃል ነው ያገኘኋት። ቆርጬ ክዳኑን ዙሪያውን ለጠፍኩባት። ሻጩ «ይቺ እኮ አየር አታስገባም!» አለኝ። እውነቱን ነው። አታስወጣም ግን አላለኝም።

እስከ ግንቦት የሚወራ ነገር የለም። ሳጥን ነበር፣ ይከፈታል ይዘጋል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሁለት ወር ቆየሁ። ሳጥኑን አልጋ ሥር ትቼ፣ «ፍፍ» አሰኝቼ ነው የሄድኩት። እንዲያውም ኮራ ብዬ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች ይባላል። ቁጥሩን ተዉት። ሐምሌ ላይ ክብሪት አይጫርም። ጨው ዕቃው ውስጥ ይቀልጣል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው።

በእንቁጣጣሽ ማግስት የእህቴ ልጅ መጥቶ «አጎቴ፣ ዮዮ አሳየኝ» አለኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ ሦስት ቀን ያደረ የሻገተ እንጀራ ሽታ። ስፖንጁን በጣቴ ስጫነው ቀዘቀዘኝ። የምወደውን ሰማያዊውን አውጥቼ ወረወርኩት። እንደ ባጃጅ ጮኸ፣ ያውም ሦስት ሰው ጭና ወደ ጅሬን አቀበት እንደምትወጣ። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ሳልጠራው ተመልሶ የጣቴን አንጓ አጮለኝ። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ካቻቢቴ አያስፈልግም፣ ዮዮው በእጅ ይፈታል። ፈታሁት። ኩሽኔታው ዙሪያውን በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ እንዲሁ ሆነዋል። አሉሚኒየሙ ደህና ነው። የተጎዳው የማይታየው፣ ግን ሁሉንም የሚሸከመው ብረት ነው።

ስፖንጅ የሸጠልኝን ሰውዬ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩት አትጠይቁኝ። «ውሃ አይነካውም ብለኸኝ አልነበር?» እለዋለሁ። «ታዲያ ውሃ አፈሰስክበት እንዴ?» ይለኛል። «አላፈሰስኩም!» «እንግዲያው?» በሐሳቤ እንኳ እሱ ነው የሚያሸንፈው። አሁን ገብቶኛል። የዘጋሁት የሰኔን አየር ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት ይለቃል። ስፖንጁ ይጠጣዋል። ማምለጫ የለውማ! ዮዮዎቹ ደግሞ ስፖንጁ ውስጥ ጥርቅም ብለዋል። የተጠቀለለባቸው ገመድም የራሱን ድርሻ ይጠጣል። ካልሲው ውስጥ በነበሩ ጊዜ ስንት ክረምት አልፎባቸው አንድም ዝጎ አያውቅም።

ጥገናው ሌላ ታሪክ ነው። የኩሽኔታውን ሽፋን የምትይዝ ፀጉር የምታክል የብረት ቀለበት አለች። በመርፌ ጫፍ ነው የምትነሣው። ሁለቷ ተስፈንጥረው እስከ ዛሬ አልተገኙም። ቀሪውን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሰጠኋቸው። ከአንድ ጠብታ አታሳልፉ፣ ሲበዛ ይይዘዋል። አራቱ ዳኑ። ሦስቱ አልሆኑም። አንዱን ይዤ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ በካሊፐር ለካው። ውስጡ 6.35፣ ውጩ 12.7 ሚሊ ሜትር። መሳቢያውን ሁሉ አገላብጦ «6 በ13 አለ» አለኝ። ለምን ሚሊሜትሩ እንዲህ ተቆራረሰ ሲለኝ፣ በኢንች የተሠራ ስለሆነ ነው አልኩት፣ ሩብ በግማሽ። «ታዲያ ኢንቹን ካመጣው ሰው ግዛ» ብሎ መሳቢያውን ዘጋ። ልክ ነው።

አሁን የሚያናድደኝን ስሙ። ከአሥራ አራቱ አንዷ የዋንዛ ናት። በርጩማ ከሚጠርብ ሰው ግቢ ባገኘኋት ቁራጭ እዚሁ በቶርኖ ያሠራኋት ናት። ኩሽኔታ የላትም፣ ገመዱ እንጨቱ ላይ በቀለበት ነው የሚዞረው። ፔድሮ ፍሎሬስ የሚባለው ፊሊፒናዊ በ1928 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ መሥራት የጀመረው ዓይነት ማለት ነው። ታች እየተሽከረከረች ከአሥር ሰከንድ በላይ አትቆምም፣ ሁልጊዜ እቀልድባታለሁ። ከዚያ ሁሉ እርጥበት ወጥታ ስወረውራት ልክ እንደ ሰኔው አሥር ሰከንዷን ቆማ እጄ ላይ ገባች። ምን ይዝጋት!

አከራዬ እማማ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ነው ያሳለፉት። በረንዳ ላይ ስፖንጅ ሳሰጣ አይተው ቀረቡ። ጎማዋን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ቡና በምን ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ።

«በጆንያ።»

«ለምን በፌስታል አይሆንም?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ፣ መልሴን እየጠበቁ አልነበረም። ትንሽ ቆይተው የተበጣጠሰ ጆንያ አምጥተው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝና ገቡ።

ስፖንጁን አወጣሁት። በቦታው ከቀጭን ጣውላ መደርደሪያ አበጀሁ፣ ላዩን በጆንያ አለበስኩት። ዮዮዎቹ አሁን እንደ ጎማ ቆመው ይቀመጣሉ፣ ገመዳቸው ተፈትቶ ለብቻው። ከኋላና ከሥር በትራፓኖ ዘጠኝ ቀዳዳ በሳሁ። ዋንዛውን ስበሳው የተሰማኝን አልነግራችሁም። ጎማዋን ነቀልኳት።

ወደ 1,900 ብር ወጥቶበታል፣ ቅዳሜዎቹ ሳይቆጠሩ። ትሠራዋለህ ወይ ደግመህ ካላችሁኝ፣ ትናንት ማታ ብትጠይቁኝ «በጭራሽ» እላችሁ ነበር። ሦስቱ የሞቱት ኩሽኔታዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ግን ፀሐይ ወጥቶ ሳጥኑን በረንዳ ላይ ከፈትኩት። ቫርኒሹ ላይ የዋንዛው መስመር ሲያበራ አየሁትና «አዎ፣ ነገውኑ» አልኩ። ጠርዛቸው ከጥር ወዲህ አንድ ጭረት አልጨመረም። ይህን ካልሲ አያደርገውም። ባለ «ኦርጅናሉ» ሻጭ አሁን መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቀዳዳ አለው?» ብዬ ነው። ከሌለው ደህና ዋል።

አሁን ክዳኑ ሲዘጋ «ቋ» ነው የሚለው፣ እንደ ማንኛውም ሳጥን። እንግዳ ሁለቴ አይከፍተውም። ጎማዋ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፣ አልጣልኳትም። ጥር ሲገባ ለአንድ ወር ብቻ ልመልሳት አስቤያለሁ። እማማ እንዳይሰሙ።