ዘ ድሬሰር፦ የ1983ቱ ወይስ የ2015ቱ?

«ዘ ድሬሰር» (አልባሹ) የተባሉት የሁለቱ ፊልሞች ታሪክ አንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦምብ በሚዘንብባት እንግሊዝ፣ አቅሙ የከዳው አንጋፋ ተዋናይ የሼክስፒር ቲያትር ላይ ያለውን ሽማግሌ ንጉሥ፣ ኪንግ ሊርን፣ ሊጫወት ነው። አልባሹ ኖርማን አባብሎም ተቆጥቶም መድረክ ላይ ሊያወጣው ይታገላል። ደራሲው ሮናልድ ሃርውድ ራሱ የአንድ ታዋቂ ተዋናይ አልባሽ ስለነበር ጓዳውን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. የ1983ቱ፦ አልበርት ፊኒ ተዋናዩን፣ ቶም ኮርትኔይ አልባሹን ሆነው። ፊኒ ያኔ 50 እንኳ አልሞላውም፤ እርጅናው ሜካፕና ትወና ነው። «ጩኸቱ በዛ» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ የምወደው ጩኸቱን ነው። ጣቢያ ላይ መንቀሳቀስ የጀመረ ባቡር በድምፁ ብቻ ሲያስቆም እዩትና ፍረዱ! ፊልሙ ለ5 ኦስካር ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የ2015ቱ፦ አንቶኒ ሆፕኪንስ ተዋናዩን፣ ኢያን መኬለን አልባሹን ሆነው፣ ሁለቱም ያኔ ከ70 በላይ። ቢቢሲ ለቴሌቪዥን የሠራው ስለሆነ ከቲያትር ቤቱ እምብዛም አይወጣም። «ይሄማ ቲያትር ነው» ቢባል አይፈረድም። ግን የሊር የመጀመሪያ መስመር ከአእምሮው ሲጠፋበት፣ ድንጋጤው የእውነት ሽማግሌ ፊት ላይ ነው የሚታየው።

ፊልም እንደ ፊልም ለሚፈልግ የፊኒው ይሻላል። እርጅናን በቅርብ ያየ፣ ወላጅ የሚያስታምም ሰው ግን ወደ ሆፕኪንስ ያደላል፤ ቀላል ምሽት ግን አይጠብቅ።